የቡጎሎቢ ጎደሬ

በኡጋንዳ መዲና በካምፓላ ምሥራቅ ቡጎሎቢ የሚባል ሰፈር አለ። ኮረብታው ላይ ግቢያቸው የሰፋ ቪላዎች፣ ያረጁ ባለፎቅ መኖሪያዎች፣ የገበያ ማዕከልና ካፌዎች ይታያሉ፤ የአዲስ አበባ ሰው ቢያየው ቦሌ ትዝ ይለዋል። ቁልቁል ሲወርዱ ግን መልኩ ይለወጣል። ወደ ፖርት ቤል የሚሄደው የባቡር ሐዲድ ሰፊ ረግረግ ለሁለት ሰንጥቆ ያልፋል። በረግረጉ ዳርና ዳር ጎደሬ ተተክሏል፤ ቅጠሉ የሰው ደረት የሚሸፍን፣ አረንጓዴነቱ የሚያስቀና ጎደሬ። መሐል መሐሉን ሸንኮራ አገዳ አለ። ለዚህ መሬት ማዳበሪያ የሚገዛለት የለም፤ በበጋም አይደርቅም። የሚያጠጣው ናኪቩቦ የሚባለው ቦይ ነው። ቦዩ ከመሐል ከተማ ተነስቶ ጎርፉን፣ የገበያውን እጣቢ፣ የፋብሪካውን ፍሳሽና ከየመጸዳጃው የሚሾልከውን ሁሉ ሰብስቦ እዚህ ያራግፋል። ከረግረጉ የተረፈው ውሃ የቪክቶሪያ ሐይቅ ክንድ ወደሆነው ወደ መርቺሰን ሰርጥ ይገባል።

ጎደሬውን የሚተክለው የቪላው ባለቤት አይደለም። አብዛኛው ገበሬ በረግረጉ ጠርዝ እንደ ናሙዎንጎ ባሉ የተጨናነቁ መንደሮች የሚኖር ነው። የመሬት ካርታ የለውም፣ ቋሚ ሥራ የለውም፤ መቆፈሪያና ባዶ እግር አለው። ጎደሬው በሉጋንዳ ማዩኒ ይባላል፤ ተቀቅሎ ከሻይ ጋር ቁርስ ይሆናል፣ ከሌላ ወጥ ጋር ምሳ ይሆናል፣ የተረፈው ገበያ ይወጣል።

ታዲያ ይህ ማሳ ለከተማው ጤና ይበጃል ወይስ ይጎዳል? የጤና መኮንን ብትጠይቁት በድሮው ልማድ «ይነቀል» ይላችኋል። የግብርና ባለሙያው «ይስፋፋ» ይላል። ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሲነጋገሩ ምን እንደሚሆን ካምፓላ አሳይታናለች። ይህ ምዕራፍ የሚያወራው ስለዚያ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከቅኝ ግዛት የተወረሰው የከተማ ሕግ ለእርሻ ቦታ አልነበረውም። ከተማ የንግድ፣ የቢሮና የመኖሪያ ስፍራ ነው፤ በቆሎ ከተማ ውስጥ ከበቀለ ትንኝ ይራባበታል፣ ሌባ ይደበቅበታል ተብሎ በማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ይጨፈጨፍ ነበር። ሕጉ እንዲህ ይበል እንጂ ታሪክ ሌላ መንገድ ሄደ። የኡጋንዳው መሪ ኢዲ አሚን በ1972 የእስያ ተወላጆችን ካባረረ በኋላ ሱቁ ባዶ ቀረ፣ ደመወዝ ዋጋ አጣ፣ የካምፓላ ሰው ከጓሮው ሊበላ ተገደደ። ከዚያ ወዲያ ጦርነቱ ሲከተል ልማዱ ሥር ሰደደ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጥናት ሲደረግ በከተማዋ ከሦስት ቤተሰብ አንዱ ገደማ ያርስ ነበር። ሁሉም በሕግ ጥፋተኛ ነበር ማለት ነው።

በዚያው ዘመን ዳንኤል ማክስዌል የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ቀላል የሚመስል ነገር ጠየቀ፤ የሚያርሱት ቤተሰቦች ልጆችና የማያርሱት ልጆች ቁመታቸው ይለያያል? ቁመት በምግብ ጥናት ውስጥ ሐሰት የማይናገር ምስክር ነው። ክብደት በአንድ ወር ሕመም ይወርዳል፣ በአንድ ወር ምግብ ይመለሳል፤ ቁመት ግን ልጁ ከተወለደ ጀምሮ የበላውንና ያልበላውን ሁሉ መዝግቦ ይይዛል። ማክስዌል ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር በ1998 ባሳተመው ጽሑፍ የአራሾቹ ልጆች፣ በተለይ ከድሃው ወገን፣ ለዕድሜያቸው የተሻለ ቁመት እንዳላቸው አሳየ። ማዘጋጃ ቤቱ ለጤና ብሎ የሚጨፈጭፈው ሰብል ልጆችን ከመቀንጨር ይጠብቅ ነበር። እንዲህ ዓይነቱ ውጤት ባለሥልጣን ፊት ሲቀርብ ብዙ ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ካምፓላ ውስጥ ግን አልገባም።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ የከተማው ምክር ቤት የግብርና ክፍል፣ የማከረሬ ዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ የዓለም አቀፉ የድንች ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎችና የእርዳታ ድርጅቶች ተሰብስበው የከተማ ምግብ ዋስትና፣ ግብርናና እንስሳት አስተባባሪ ኮሚቴ አቋቋሙ። የድሮዎቹን ደንቦች አንቀጽ በአንቀጽ አነበቡ፣ ገበሬዎቹን ጠየቁ። ከዚያም በዚያን ጊዜ በአፍሪካ ከተሞች ያልተለመደ ሥራ ሠሩ፤ ምን ይፈቀድ፣ ምን ይከልከል የሚለውን በጤና ማስረጃ ሊመዝኑ ጀመሩ። እንስሳት ሐኪሙ ጆርጅ ናሲንያማ፣ ካናዳዊው ሐኪም ዶናልድ ኮልና ተመራማሪዋ ዳያና ሊ-ስሚዝ በ2008 ያዘጋጁት መጽሐፍ የዚህ ሥራ ፍሬ ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2006፣ አዲሶቹ የካምፓላ ደንቦች ታትመው ወጥተዋል፤ አንዱ ስለ ከተማ ግብርና፣ ሌሎቹ ስለ እንስሳት እርባታ፣ ስለ ወተት፣ ስለ ሥጋና ስለ ዓሣ።

የደንቡ አስተሳሰብ ቀላል ነው። እርሻ ተፈቅዷል፤ ፈቃድ ግን ይወጣል፤ ቦታውም ይመረጣል። ቆሻሻ ይጣልበት በነበረ መሬት፣ በክፍት ፍሳሽ ቦይ አጠገብ፣ በመንገድ ክልል፣ በረግረግ ላይ አይታረስም። ሰውን ከመጨፍጨፍ ወደ መመዝገብ መሄድ ትልቅ እርምጃ ነው። ግን ልብ በሉ፤ የቡጎሎቢ ጎደሬ ከክልከላዎቹ በአንዱ ሳይሆን በሁለቱ ይወድቃል። ረግረግ ነው፣ የቦይ ዳር ነው። ለጓሮ አራሹ የተከፈተው በር ለረግረጉ አራሽ ተዘጋ። ገበሬው ግን የትም አልሄደም። ደንቡ ከወጣ በኋላም ጎደሬው ነበረ፤ ነበረ ብቻ ሳይሆን ሰፋ።

እኔ በግሌ ደንቡን አላናንቅም። በወረቀት ላይ ከነበሩት ሁሉ የተሻለ ነው። ችግሩ «አይታረስም» የሚለው ቃል ለገበሬው የሚሰጠው ምንም ነገር አለመኖሩ ነው። ሕገ ወጥ የሆነ ሰው ሥልጠና አይጠራም፣ መድኃኒት አይታደልለትም፣ ቦት ጫማ አይሰጠውም፤ ቆጣሪም አይቆጥረውም።

ቦት ጫማ ያልኩት በከንቱ አይደለም። በ2013 የስዊዝ የሐሩር ክልልና የሕዝብ ጤና ተቋም ሳይንቲስቶች ከማከረሬ ባልደረቦቻቸው ጋር በናኪቩቦ ዙሪያ 915 አዋቂዎችን መርምረው ነበር። ከፍሳሽ ጋር በተለያየ መንገድ የሚገናኙ ሰዎችን ለዩ፤ ረግረጉ ውስጥ የሚያርሱ፣ በፍሳሽ ማጣሪያው የሚሠሩ፣ መጸዳጃ ጉድጓድ እየጠረጉ ዝቃጩን የሚያጓጉዙ፣ ጎርፍ በሚያጠቃቸው መንደሮች የሚኖሩ፣ በመጨረሻም ከፍሳሽ ርቀው የሚኖሩ። ከዚያ ሆዳቸው ውስጥ ትል አለ ወይስ የለም ብለው ሰገራቸውን መረመሩ። ብዙ ሰው የሚጠብቀው ዝቃጭ አጓጓዡ ከሁሉ የከፋ እንዲሆን ነው። ሆኖም በአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ የተያዘው ከዝቃጭ ሠራተኞቹ 35.8 በመቶ ሲሆን፣ ከገበሬዎቹ 75.9 በመቶ ሆኖ ተገኘ።

የሌላውን ሰው ሰገራ ሲጭን የሚውለው ሰው በጥገኛ ተሕዋስ የመያዝ ዕድሉ ጎደሬ ከሚተክለው ከግማሽ ያነሰ ነው። ይህን ስጽፍ እኔም ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ምክንያቱን ማሰብ ግን ከባድ አይደለም። ዝቃጭ አጓጓዡ የያዘው ነገር አደገኛ እንደሆነ ያውቃል፤ ጓንት ያጠልቃል፣ ቦት ይጫማል፣ ሥራው ሲያልቅ ይታጠባል። ገበሬው የያዘው አፈር ነው፤ አፈር ማን ይፈራል? ባዶ እግሩን ጭቃው ውስጥ ይገባል፤ የመንጠቆ ትል እጭ የእግሩን ቆዳ በስቶ ይገባል። ሐይቁ ዳር ባለው ውሃ የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣዎች አሉ፤ እዚያም እንዲሁ በቆዳ በኩል ነው። የወስፋት እንቁላል ደግሞ አፈር ውስጥ ብዙ ወራት ይቆያል፤ በገበሬው ጥፍር ሥር ሆኖ ቤት ይገባል፣ ለልጁ እንጀራ ቆርሶ ሲያጎርስ ወደ ልጁ ይሻገራል። (እርግጥ ካምፓላ ውስጥ የሚቆረሰው እንጀራ ሳይሆን ፖሾ ነው፤ ገንፎ መሰል የበቆሎ ምግብ። ግን ለእኛ እንዲገባን ነው።)

እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ነገር አለች። ጎደሬ ተልጦ ተቀቅሎ ይበላል። ትሉንም ባክቴሪያውንም የፈላ ውሃ ይገድለዋል። ስለዚህ በረግረጉ የበቀለው ጎደሬ ይበልጥ የሚጎዳው የሚበላውን ሳይሆን የሚያበቅለውን ነው። በዚያው ውሃ ሰላጣ ቢተከል ነገሩ ይገለበጣል፤ ሰላጣ በጥሬው ይበላልና በሽታው እስከ ቡጎሎቢ ቪላ ጠረጴዛ ድረስ ይሄዳል። ለማዘጋጃ ቤቱ የጤና መኮንን «ምን ያህል አረሱ?» ከሚለው በፊት «ምን ተከሉ?» የሚለው ጥያቄ የሚቀድመው ለዚህ ነው።

ብረታ ብረት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ በመቀቀል አይሄድም። ግሬስ ናቡሎ የተባለች ኡጋንዳዊት ሳይንቲስት በካምፓላ መንገዶች ዳር አፈርና ጎመን እየለቀመች እርሳስ፣ ካድሚየምና ዚንክ ለካች። በ2006 ከባልደረቦቿ ጋር ያሳተመችው ጥናት እንደሚያሳየው ብክለቱ ከመንገዱ ጠርዝ ሲርቁ በፍጥነት ይቀንሳል፤ 30 ሜትር ገደማ ላይ ወደ ተለመደው መጠን ይወርዳል። ቅጠሉ ላይ ያለው እርሳስ ብዙውን ጊዜ ከአየር የወረደ አቧራ ስለሆነ በደንብ ማጠብ ይቀንሰዋል። አየህ አንባቢ፤ እዚህ ጋ ለግብርና ጽሕፈት ቤቱ የሚሰጠው መመሪያ አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ቅጠላ ቅጠል ከመንገድ 30 ሜትር ይራቅ። ሐኪም አያስፈልገውም፣ ሜትር ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ ረግረጉ እንመለስ፤ የጎደሬው ትልቁ ጣጣ ገና አልተነሳም።

ናኪቩቦ ጎደሬ ሳይተከልበት ደንገል ነበር። ደንገል ማለት የጣና ታንኳ የሚሠራበት ነው። የደንገል ሥር ውሃ ላይ እንደ ምንጣፍ ተያይዞ ይንሳፈፋል፤ ፍሳሹ በሥሩ ሲያልፍ ዝቃጩ ይወርዳል፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረሱ ይጠባል፣ ባክቴሪያው ይሞታል። ፍራንክ ካንሲሜና ማይሙና ናሉቤጋ የተባሉ ኡጋንዳውያን በ1999 በኔዘርላንድ ባቀረቡት የዶክትሬት ሥራ ይህን በዝርዝር ለክተዋል። በዚያው ዓመት ሉሲ ኤመርተንና ባልደረቦቿ ረግረጉ የሚሰጠውን የማጣራት አገልግሎት በገንዘብ ተምነው በዓመት እስከ 1.75 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል አሉ። ካምፓላ ከምትጠጣው ውሃ አብዛኛው የሚቀዳው ጋባ ከሚባለው ጣቢያ ነው፤ ጋባ ያለው ፍሳሹ በሚወርድበት በዚያው መርቺሰን ሰርጥ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ገበሬ ደንገሉን ነቅሎ ቦይ ቆፍሮ ጎደሬ ሲተክል፣ ፍሳሹ ሳይጣራ ቶሎ ወደ ሐይቁ ይሮጣል፤ የጋባ ጣቢያ ተጨማሪ ኬሚካል ይገዛል፤ ያን ጎደሬ አይቶት የማያውቅ የከተማው ሌላ ዳር ነዋሪ በውሃ ሂሳቡ ይከፍለዋል። የጥቂት መቶ ካሬ ሜትር እርሻ ውሳኔ ከተማዋን በሙሉ ይመለከታል ማለት ይህ ነው።

በቅርብ ዓመታት በቡጎሎቢ የቀድሞው ፍሳሽ ማጣሪያ ቦታ በቀን 45 ሚሊዮን ሊትር የሚያጣራ አዲስ ጣቢያ ተሠርቷል፤ ከዝቃጩ የሚወጣው ጋዝ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ትልቅ ሥራ ነው። ግን ማጣሪያ የሚያጣራው በቧንቧ የደረሰውን ነው፤ አብዛኛው የካምፓላ ሰው ደግሞ ከፍሳሽ መስመር ጋር አልተገናኘም። ጉድጓዱ ሲሞላ ጎርፍ ይጠብቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 ባወጣው መመሪያ እንዲህ ላለው ከተማ የሰጠው ምክር ብልህ ነው፤ ፍሳሹን በሙሉ እስክታጣሩ አትጠብቁ፣ በየደረጃው ትንሽ ትንሽ መከልከያ አስቀምጡ አለ። የሚቀቀል ሰብል ምረጡ፣ ከመሰብሰብ በፊት ጥቂት ቀን አታጠጡ፣ ቦት ተጫሙ፣ እጠቡ፣ ላጡ፣ ቀቅሉ። ይህ አሠራር በኋላ በተግባር ከተፈተነባቸው ከተሞች አንዷ ካምፓላ ናት። ደንገሉንም ቢሆን መመለስ ይቻላል፤ ገበሬው ከሐይቁ በኩል ያለውን ጥልቅ ክፍል ለቆ በጠርዙ ላይ እንዲያርስ ከተስማማ። የሚስማማው ግን በጠርዙ ላይ ያለው ማሳ ሕጋዊ ሲሆንለት ነው።

ይህን ሁሉ የኡጋንዳ ወሬ ብሎ የሚያልፍ አንባቢ ካለ ወደ ጎጃም ልውሰደው።

በ1990ዎቹ የኢትዮጵያ መንግሥት የግብርና ኤክስቴንሽን ፓኬጅ ሲጀምር ከተሰራጩት ምርጥ ዘሮች አንዱ ቢኤች 660 የሚባለው የባኮ በቆሎ ነው። ምርቱ የሚያስደስት ነበር፤ ቡሬ ወረዳ እንደ ሌላው ምዕራብ ጎጃም በበቆሎ ተሸፈነ። በ1998 ቡሬ ላይ ከባድ የወባ ወረርሽኝ ተነሳ። በሁለቱ መካከል ዝምድና ያየው የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ማካን ነው፤ ስለ ኢትዮጵያ ግብርና ዕድሜውን ሙሉ ያጠና የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር። ነገሩን ያጠናከሩት ግን የትንኝ ሳይንቲስቶች ናቸው። የማነ የኢብዮና ባልደረቦቹ በ2000 ባሳተሙት ጥናት የወባ ትንኝ እጭ በኩሬ ላይ የሚረግፈውን የበቆሎ አበባ ብናኝ እንደሚበላ፣ በልቶም ቶሎ እንደሚያድግና እንደሚወፍር አሳዩ። የድሮው የአካባቢ በቆሎ ቀድሞ ያብብ ነበር። ቢኤች 660 ዘግይቶ ስለሚደርስ አበባውን የሚያረግፈው ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ኩሬው ሁሉ በእጭ በተሞላበት ጊዜ ነው። ቡሬ ላይ በ2005 የታተመ ጥናት ብዙ በቆሎ በሚታረስባቸው ቀበሌዎች የወባ ሕመምተኛው ጥቂት በቆሎ ካለባቸው በ9.5 እጥፍ እንደሚበልጥ አስቆጥሯል።

ወባን በቆሎ ብቻውን አመጣው የሚል ሰው ካለ እኔ አልከተለውም፤ ዝናቡም ሙቀቱም የራሳቸው ድርሻ ነበራቸው። ዘሩን የመረጡትም ክፉ አላሰቡም። ምርት ጨምሩ ተባሉ፣ ጨመሩ። ዘሩን ሲመርጡ በክፍሉ ውስጥ አንድ የወባ ባለሙያ የነበረ፣ «ይህ በቆሎ መቼ ያብባል?» ብሎም የጠየቀ አይመስልም። ካምፓላ ውስጥ የጤና ሰው ብቻውን ወሰነና የሕጻናትን ምግብ ጨፈጨፈ፤ ቡሬ ላይ የግብርና ሰው ብቻውን ወሰነና ትንኙን ቀለበ።

ታስቦበት ሲሠራስ? ያም በኡጋንዳ አለ። ኡጋንዳዊው የሰብል ዝርያ ማሻሻያ ሊቅ ሮበርት ምዋንጋ ውስጡ ብርቱካንማ የሆነ፣ በቫይታሚን ኤ የበለጸገ ስኳር ድንች ለአገሩ ገበሬ አዘጋጀ፤ ኤጁሙላ የተባለው ዝርያ በ2004፣ ካቦዴና ቪታ የተባሉት በ2007 ተለቀቁ። የልጅን ዓይንና የመከላከል አቅም የሚጠብቀው ቫይታሚን በእንክብል ሳይሆን በዘር ፓኬጅ ወደ ቤት ገባ። ምዋንጋ ከሦስት ሌሎች ሳይንቲስቶች ጋር በ2016 የዓለም ምግብ ሽልማትን ተሸለመ።

ወደ አዲስ አበባ ስንመጣ የቡጎሎቢ መንትያ አለችን፤ አቃቂ ወንዝ። በመካኒሳ፣ በላፍቶ፣ በፒኮክና በቄራ ዙሪያ ያሉ ማሳዎች ለከተማው ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ሲያቀርቡ ኖረዋል። ፍስሐ ኢታና በ2002 ባሳተመው ጥናት በእነዚህ ቅጠላ ቅጠሎች ውስጥ ያለውን ብረታ ብረት ለክቶ የጤና ስጋት መኖሩን ጽፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወንዙን ለማጽዳት ብዙ ተብሏል፣ የወንዝ ዳር ልማትም ተሠርቷል። ለገበሬው «ሰላጣውን ተውና የሚቀቀል ትከል» ያለው፣ ለዚያም ዘርና ገበያ ያመቻቸለት አንድ መሥሪያ ቤት ቢኖር ግን ወንዙ እስኪጠራ ድረስ፣ ብረታ ብረቱ ባይቀርም፣ ብዙ ሰው ከተቅማጥ በዳነ ነበር። ጎመን እኮ ቀቅለን ነው የምንበላው!

ለማን ልናገር? በእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ፤ በዚያው ቀበሌ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች አሉ። አንዷ ሪፖርቷን ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ትልካለች፣ ሌላው ለግብርና ጽሕፈት ቤት። ጎረቤቶች ናቸው፤ ምናልባት ቡና አብረው ይጠጣሉ። የወረዳ ኃላፊዎች ሆይ፣ የዘር ፍላጎት ከመሰብሰቡ በፊት እነዚህን ሰዎች አንድ ቀን ብቻ አብራችሁ አስቀምጧቸው። በጎጃም በቆሎ የሚዘራው በግንቦትና በሰኔ ነው፤ ወባው የሚበረታው ከመስከረም በኋላ ነው።